«ካርቱን ነው» ለአራት ዓመት ልጅ መልስ አይሆንም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቢቸና አጠገብ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 7 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በፍላሽ ብዙ ካርቱን ይዞላቸው መጣ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ‹ዋተርሺፕ ዳውን› የሚባል የጥንቸሎች ጀብዱ ነው። ‹በእንግሊዝ አገር ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ነው› አለኝ። ባለቤቴ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ትንሹ ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ የጤፍ ማሳውን እያየ ‹አባዬ፣ ማሳው ደማ?› ይለኛል። የሚገርመኝ፣ ልጆቼ ለፋሲካ በግ ሲታረድ አጠገቤ ቆመው ነው የሚያዩት። እኛም በጅብ ተረት ነው ያደግነው። ፊልሙ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ምንም አይገባቸውም። የድሮ ካርቱን ከዛሬው አይሻልም? ሚስቴ አበዛችው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?»

መልስ፦ ባለቤትዎ አላበዙም። ፊልሙ ለ4 ዓመቱ ልጅዎ አይሆንም። ለ7 ዓመቷም ገና ነው። ይህን የምለው ካርቱን ስለምጠላ አይደለም። ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ለአዋቂና ለጎረመሰ ልጅ ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን ጥሩ ፊልም መሆኑና ለትንሽ ልጅ መሆኑ ለየቅል ናቸው።

ላላዩት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊልሙ እንግሊዛዊው ሪቻርድ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የሠራው ማርቲን ሮዘን ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። ፋይቨር የሚባል ትንሽ ጥንቸል መንደራቸው ሊጠፋ መሆኑ ይታየዋል። ጥቂቶች አምነውት አዲስ መኖሪያ ፍለጋ ይሰደዳሉ። እስከዚህ ድረስ የማንኛውም ልጅ ጀብዱ ይመስላል። ሆኖም ገና በመጀመሪያው ላይ፣ ያ የፋይቨር ራእይ ሲመጣ፣ ማሳው በደም ይሸፈናል። ልጅዎ የሚጠይቅዎት ይህን ነው። ከራሱ ያመጣው ነገር የለም። በትክክል ያየውን ነው የነገረዎት።

ቀጥሎ ያለውን ባለቤትዎ አላሳዩም እንጂ ይብሳል። አንዷን ጥንቸል ጭልፊት ይወስዳታል። ሌላው አንገቱ በሽቦ ወጥመድ ታንቆ፣ ከአፉ ደም እየወጣ ይንፈራገጣል። ከቀድሞው መንደር የተረፈ አንድ ጥንቸል ደግሞ የቀሩት ጉድጓዳቸው ሲደፈን እንዴት ታፍነው እንዳለቁ ይተርካል። ትረካው በሥዕል ይታያል፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። መሪው ሄዘል በገበሬ ጠመንጃ ይቆስላል። ወደ መጨረሻው ጥንቸሎቹ እርስ በርስ ይቦጫጨቃሉ፣ ውሻ ይለቀቅባቸዋል። በመጨረሻ ሄዘል ሸምግሎ በሰላም ይሞታል። ይህ የመጨረሻው ሞት ውብ ነው። እዚያ ድረስ ግን የ4 ዓመት ልጅ አይደርስም።

ወንድምዎ አልዋሸዎትም። ያነበበው የድሮውን ምልክት ነው። የብሪታንያ የፊልም ምደባ ቦርድ በ1978 ለፊልሙ «ዩ» የሚለውን ምድብ ሰጥቶት ነበር፤ ለሁሉም ይሆናል ማለት ነው። የያኔዎቹ መርማሪዎች ምክንያታቸውን ጽፈዋል። ሥዕል ስለሆነ ደሙ እንደ እውነተኛ አያስደነግጥም፣ ልጆች እያዩት ልባቸው ቢነካም ታሪኩ ሲያልቅ ይለቃቸዋል የሚል ነበር። አልለቃቸውም። ቦርዱ ለአሥርተ ዓመታት የወላጆች ቅሬታ ሲቀበል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን በፋሲካ እሑድ ቢያሳየው ወላጆች በቁጣ ተነሡ። ጥንቸል እነሱ ዘንድ የፋሲካ ምልክት ናት፤ ልጆቻቸውን ሰብስበው ያስቀመጡት ደስ የሚል ነገር ሊያዩ ነበር። በ2022 ቦርዱ ምድቡን ወደ «ፒጂ» ከፍ አደረገው። በቦርዱ አሠራር ፒጂ ማለት 8 ዓመት ገደማ የሆነን ልጅ ሊያውክ የማይገባ፣ ከዚያ ለሚያንስ ግን ወላጅ አስቦ የሚወስንበት ፊልም ነው። «ዩ» ራሱም ቢሆን ከ4 ዓመት ጀምሮ ላሉ ታስቦ የሚሰጥ እንጂ ሕፃን ሁሉ ይየው ማለት አይደለም። እንግዲህ አንድ ፊልም፣ አንድም ሥዕል ሳይለወጥበት፣ በ44 ዓመት ውስጥ ምድቡ ተቀየረ። የተቀየረው ስለ ልጅ ፍርሃት ያለን ዕውቀት ነው።

«የድሮ ካርቱን ንጹሕ ነው» የሚለውን በየቤቱ እሰማዋለሁ። ወላጆች ንጹሕ ሲሉ መሳሳም የለበትም፣ ስድብ የለበትም፣ ራቁት ገላ የለበትም ማለታቸው ነው። በአካባቢያችን ፊልም የሚመረጠው በዚህ ሚዛን ነው። ፍርሃትን ማንም አይመዝንም። ድሮ ደግሞ ካርቱን የሚሠራው ሲኒማ ቤት ለሚገባው ቤተሰብ በሙሉ ነበር፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ። ትንሽ ልጅ ለብቻው ሳሎን ተቀምጦ ያየዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን «ባምቢ» እንኳ ተመልከቱ። የግልገሉ እናት በአዳኝ ትገደላለች። ግን የምንሰማው ተኩሱን ብቻ ነው፤ ሬሳ አናይም። በ1994ቱ «ላየን ኪንግ» ደግሞ ደቦሉ የሞተ አባቱን ክንድ አንሥቶ ሥሩ ይተኛል። ሁለቱም ለሁሉም ተብለው የታለፉ ናቸው። ለትንሽ ልጅ ግን ሁለቱ ሞቶች አንድ አይደሉም። አንዱ ከሥዕሉ ውጭ ያልፋል፤ ሌላው ዓይኑ ሥር ይቀመጣል።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው። «አይገባቸውም፣ ስለዚህ አይጎዳቸውም» ይላሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በፊልም ውስጥ የሚያስፈራው ነገር በሥዕልና በድምፅ ይመጣል። ደሙ፣ ጥርሱ፣ የጥንቸሏ ጩኸት፣ ድንገት የሚያጓራው ሙዚቃ ትርጉም አይፈልግም። የሚያጽናናው ግን በአብዛኛው በንግግር ነው የሚመጣው። «አትፍራ፣ አለሁልህ»፣ «ይድናል»፣ «ሄደ፣ አይመለስም» የሚሉት በቃል ናቸው። በዚህ ፊልም ውስጥ የሚያስቀው ኪሃር የሚባል አንድ የባሕር ወፍ ነው። የሚያስቀው ደግሞ በአነጋገሩ ነው፤ አንደበቱ የተኮላተፈ ነው፣ አልፎ አልፎም ይሳደባል። የለንደን ልጅ እሱ ሲመጣ ይስቃል፣ ትንፋሽ ያገኛል። የቢቸና ልጅ የሚያየው ግን አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ ክንፉን እያራገበ ሲጮህ ነው። ቀልዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ደሙ ግን በሁሉም ቋንቋ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን የሚያዩት ያንኑ ፊልም አይደለም። ማጽናኛው ተቀንሶለት ፍርሃቱ ብቻ የቀረ ፊልም ነው የሚያዩት።

የበጉ ነገር ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጆችዎ እርድ አይተው አይደነግጡም፤ አምናለሁ። ግን እስቲ ያን ቀን ያስታውሱት። እርስዎ ቢላዋውን ይስላሉ። እናት ሳፋ ይዘው ይወጣሉ። አጎት እግሩን ይይዛል። ልጆቹ ጉበቱ መቼ ፍም ላይ እንደሚወጣ ያስባሉ። ከበር ውጪ የበግ ቆዳ ገዢው ይጣራል። የደነገጠ አዋቂ የለም፣ የሚጮህ የለም፣ ለምን እንደሚታረድ ሁሉም ያውቃል። ትንሽ ልጅ ደግሞ መፍራት አለመፍራቱን የሚወስነው መጀመሪያ የእናት የአባቱን ፊት አይቶ ነው። በዚያ ቀን ፊታችሁ የበዓል ፊት ነው።

አሁን ሌላ ነገር ያስታውሱ። በጉ ከሆሳዕና ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆይቶ፣ አንዱ ልጅ ሣር ሲያበላው፣ ስም ሲያወጣለት ከርሞ ከሆነ፣ በእርዱ ቀን ያ ልጅ ጓዳ ገብቶ ይደበቃል። ሥጋውንም አልበላም ይላል። ይህን ያላየ የጎጃም ቤት ያለ አይመስለኝም። ታዲያ ደሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ዝምድናው ነው። ፊልሙ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥንቸሎቹን ስም ይሰጣቸዋል፣ ያናግራቸዋል፣ ያስፈራቸዋል፣ ወንድማማች ያደርጋቸዋል። ልጁ እነሱን ሆኖ ይጓዛል። ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ደም የበግ ደም አይደለም። የጓደኛ ደም ነው።

የጅብ ተረታችንም እንደዚሁ ሲታይ ይለያል። አያቴ ጎዛምን ውስጥ በምድጃ ዳር ስትተርት ዓይኗ እኛ ላይ ነበር። አንዱ ልጅ ጉልበቷ ሥር መሸጎጥ ሲጀምር ጅቡን ታሳንሰዋለች፣ ሞኝ ታደርገዋለች፣ ገደል ትጨምረዋለች። ሥዕሉንም የምንሥለው ራሳችን ነበርን፤ ልጅ ደግሞ ከሚችለው በላይ የሚያስፈራ ጅብ በራሱ አይሥልም። «ተረት ተረት» ተብሎ ይከፈታል፣ «የላም በረት» እንላለን። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ይዘጋል። በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ይሰማናል። ፊልም የልጁን ፊት አያይም። ለሚሸጎጠው ልጅ ብሎ አንድም ነገር አይቀንስም።

ስለ ጅብ ካነሣን፣ ከውጭ የሚመጣ ምድብ ለእኛ ልጆች ሙሉ በሙሉ የማይሠራበት አንድ ምክንያት እዚህ አለ። «ላየን ኪንግ» ውስጥ ያሉት ጅቦች ለለንደን ልጅ የሥዕል አውሬ ናቸው። የእርስዎ ልጅ ግን ማታ ማታ ከማሳው ማዶ ሲጮህ ይሰማዋል። ጠዋት ዱካውን ያያል። አልተኛ ሲል «ጅቡ መጣ» የሚለውም አይጠፋም። የዋተርሺፕ ዳውኑ ማሳም፣ ወጥመዱም፣ ጠመንጃ የያዘው ገበሬም ለከተማ ልጅ ሩቅ አገር ነው። ለእናንተ ግን ከቤቱ ኋላ ያለ ነገር ነው።

ተኩሱን ለብቻ ላንሣው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን የጠመንጃ ድምፅ ሰምተው አልጋ ሥር የገቡ፣ ቤታቸውን ትተው ዘመድ ዘንድ የሰነበቱ ልጆች ብዙ ናቸው። ፊልሙ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ስደት ነው። ልጆችዎ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ከሆነ የምሰጥዎትን ዕድሜ ሁሉ ወደ ላይ ከፍ አድርጉት። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

የ4 ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚፈራ በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ባትሞክሩት ግን ይሻላል። አጎት ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ «እህህህ» እያለ ቢመጣ ልጁ አጎቱ መሆኑን ያውቃል። ጋቢውን ሲያጠልቅም አይቷል። ቢሆንም ያለቅሳል። በዚህ ዕድሜ ዓይን ያየው ነገር ልብ የሚያውቀውን ያሸንፋል። ስለዚህ «እኮ ካርቱን ነው፣ ውሸት ነው» ማለት ለእሱ አይሠራም፤ ውሸት መሆኑን ቢያውቅም ይፈራል። ሞትንም ገና አልጨረሰውም። የሞተ ሰው ተመልሶ የሚነሣ ይመስለዋል፣ «መቼ ነው የሚነሣው?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑን በአብዛኛው የሚረዱት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

የ7 ዓመቷ ሌላ ናት። ጥንቸል እንደማይናገር ታውቃለች። አስቀያሚ ፊት ብዙም አያስደነግጣትም። እሷን የሚያስፈራት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። «የእኛስ ቤት ቢፈርስ? አባዬስ ቢሞት?» ትላለች። ወይም አትልም። በተለይ «አንቺ እኮ ትልቅ ነሽ» እየተባለች የምታድግ የመጀመሪያ ልጅ ከሆነች ዝም ብላ ትይዘዋለች። ትንሹ ማሳው ደማ እያለ ስለጮኸ ሁሉም ወደ እሱ ዞሯል። እሷንም ብቻዋን አድርገው ይጠይቋት።

እኔም ራሴ ተሳስቻለሁና ልናገር። የእህቴ ልጅ 5 ዓመቱ ሳለ ደብረ ማርቆስ ቤታችን ማታ ካርቱን እያየ ነበር። ፊልሙ መጥፎ አልነበረም፣ መጨረሻውም ደስ የሚል ነበር። ግን ልክ ዋናው ገጸ ባሕሪ ገደል ሲወድቅ መብራት ሄደ። ጨለማ ሆነ። ራቱን በሻማ በላና ተኛ። መብራቱ በማግሥቱ መጣ፣ ፊልሙን ያስታወሰው አልነበረም። ከዚያ ልጁ ማታ ግቢ ወዳለው ሽንት ቤት ብቻውን አልወጣ አለ። አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። እህቴ ስንፍና መስሏት ትቆጣዋለች። እኔም ባለሙያው «ይለምደዋል» ብዬ አለፍኩ። ሦስት ሳምንት ሲሆነው ነው «ያ የወደቀው ልጅ ግን የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀኝ። ለሦስት ሳምንት ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ዋናው ልጅ እንዴት እንደዳነ ቁጭ ብዬ ተረትኩለት። በሳምንቱ ለውጥ መጣ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤትዎ ፊልሙን መዝጋታቸው ልክ ነበር። ግን ለልጁ ታሪኩ ክፉው ቦታ ላይ ቆሟል። ማሳው አሁንም እንደደማ ነው። ስለዚህ መጨረሻውን በቃል ይንገሩት። «ትንሹ ጥንቸል ሕልም አይቶ ነው። ከወንድሙ ጋር ሄዱ። ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ደረቅ፣ ጥሩ ቤት አገኙ። ልጆች ወለዱ» ይበሉት። ውሸት አይደለም፤ ታሪኩ እንዲያ ነው የሚያልቀው። መሐሉን መዝለል መብትዎ ነው። አያቴም ትዘል ነበር።

ማሳውን በተመለከተ «ምንም የለም፣ ዝም በል» አይበሉት። የጠየቀው ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ ይዘውት ይሂዱ። ጤፉን በእጁ ይንካው፣ ይሽተተው። ሌላ ቀን ደግሞ ሲመሽ ትከሻዎ ላይ አስቀምጠው አብረው ይዩት፤ «ፀሐይዋ ናት ያቀላችው፣ አሁን ትገባለች» ይበሉት። ለትንሽ ልጅ ከማብራሪያ ይልቅ አካል ይሠራል፤ መታቀፍ፣ መንካት፣ ትንሽ መብራት፣ እንቅልፍ እስኪወስደው አጠገቡ መቀመጥ። ለ7 ዓመቷ ግን ማስረዳት ይሠራል። ሰው ቁጭ ብሎ እንደሣለው፣ ድምፁን አዋቂዎች እንደሰጡት፣ ደሙ ቀለም እንደሆነ ይንገሯት። «እንዲለምደው» ብሎ ፊልሙን መልሶ ማሳየት አይሆንም። «ጅቡ ይበላሃል» የሚለውን የመኝታ ማስፈራሪያም ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው ተዉት።

ሌሊት ቢጮህ ሁለት ነገሮችን ይለዩ። ቅዠት ብዙ ጊዜ ወደ ንጋቱ ይመጣል። ልጁ ይነቃል፣ ያውቅዎታል፣ ያየውን ይናገራል። ይታቀፍ፣ ይጽናና። ሌላው በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት የሚመጣ ነው። ዓይኑን ገልጦ ይጮኻል፣ ግን አያውቅዎትም፣ ጠዋትም አያስታውሰውም። ይህን አይነት ልጅ በግድ አይቀስቅሱት። እንዳይወድቅና እንዳይጎዳ አጠገቡ ሆነው ያሳልፉት። ይህኛው ሁልጊዜ ከፊልም ጋር አይያያዝም፤ ትኩሳትና ድካምም ያመጡታል። ጠበል ብትወስዱት አልቃወምም፣ ግን በእቅፋችሁ ይሁን እንጂ እየጮኸ ተይዞ አይሁን። ፍርሃቱ ከአንድ ወር ካለፈ፣ ወይም መብላት ከተወ፣ ወይም ቀንም ከእናቱ አልለይ ካለ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት። አብዛኛው ልጅ ግን እዚያ አይደርስም። በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቀዋል።

ፍላሹ ውስጥ ሌሎችም አሉ ብለዋል። እነሱን ለመምረጥ ሙሉውን ማየት ባይችሉ እንኳ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃና የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ይዩ። ክፉው ነገር ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው የሚከማቸው። አንዴ ድምፁን ዘግተው ይዩት፤ ያኔ እንግሊዝኛ እንደማይሰማ ልጅ ያዩታል። ደግሞ ፊትዎን አዙረው ድምፁን ብቻ ይስሙት። ጩኸቱና ሙዚቃው ብቻውን ሆድዎን ካጠበበው ለልጁም ያው ነው። ማን ይሞታል? ሬሳው ይታያል? ወላጅ ነው የሚሞተው? ከፍርሃቱ በኋላ ማጽናኛው ስንት ደቂቃ ይቆያል? ለትንሽ ልጅ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ደቂቃ የሚፈራውን ይችላል፤ ግማሽ ሰዓት ግን አይችልም። ማሳያ ሰዓቱ ቀን ይሁን፤ ማታ አይሁን። ላፕቶፑ ቻርጅ ይደረግ። መብራት ቢሄድ መጨረሻውን የሚያውቅ አዋቂ አጠገባቸው ይኑር።

ርዝመቱም አይረሳ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት ባይቀመጡ ይመክራል፤ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። ለትንሹ አንድ ሙሉ ፊልም በሁለት ቀን መከፈል አለበት። ሲከፍሉት ደስ ያለ ቦታ ላይ ያቁሙት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። «ዋተርሺፕ ዳውን»ን ለትንሹ በጭራሽ አያሳዩት። ለሴቷ 10 ዓመት እስኪሆናት ይቆይ። ያኔም ብቻዋን ሳይሆን ከእርስዎ ጋር፣ እርስዎ አስቀድመው አይተውት፣ እየተረጎሙላት ይሁን። የድሮ ፊልም ካማረዎት ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራውን «ማይ ኔበር ቶቶሮ» ይፈልጉ። ክፉ ሰው የለበትም፣ ጦርነት የለበትም። ሁለት እኅትማማቾች ከአባታቸው ጋር ገጠር ይገባሉ፤ ማሳ አለ፣ በእጅ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ አለ፣ ትልቅ ዛፍ አለ። የታናሿ ዕድሜ እንደ ልጅዎ 4 ነው። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች፤ ትንሿ እናቷን ላድን ብላ አንድ በቆሎ ታቅፋ ብቻዋን መንገድ ትጀምራለች፣ ትጠፋለች፣ ትገኛለች። ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ይህን ክፍል አብራችሁ እዩት። ከዚያ ውጭ ለሁለቱም ይሆናል።

የጥንቸሎቹን ፋይል ከልጆቹ ፎልደር አውጥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡት፤ ሴቷ ሪሞቱን ከእርስዎ በላይ እንደምታውቀው አልጠራጠርም። ዛሬ ማታ ደግሞ ባለቤትዎን ፊልሙን በትክክል የት ላይ እንደዘጉት ይጠይቋቸው። ለልጁ የሚተርቱለት ከዚያች ቦታ ይጀምራል።